እሑድ እሑድ የሚደውለው ሹም

አይ፣ መጀመሪያ ሳቃችሁን ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ። ጨረሳችሁ? ደህና። የራሽያ ሹም ወረታ ላለ ሩዝ መፈልፈያ እሑድ እሑድ ይደውል ነበር ስል «ምን ሊል ነው፣ የገለባ ዋጋ ሊጠይቅ?» ያልከኝ ጎረምሳ፣ ሰምቼሃለሁ። «ከአራተኛ ክፍል የቀረ ሰው ስለ ራሽያ ምን ያውቃል» ያልሽውም፣ ይዤልሻለሁ። እውነት ነው፣ አራተኛ ክፍል ነው የቀረሁ። ግን አራተኛን ሦስት ጊዜ ስለተማርኩት ስድስተኛ ቁጠሩልኝ።

ደግሞ ሩዝ በመፈልፈል በፎገራ ሜዳ ላይ እኔን የሚያህል የለም። ማሽን ሲታመም ከድምፁ አውቃለሁ። ሰውም ሲዋሽ ከድምፁ አውቃለሁ። ያንን ሰውዬም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ፣ ራሽያኛ አንዲት ቃል ሳላውቅ።

መፈልፈያው የጋሼ ነው። ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ አሠሪዬ ናቸው፣ ግን ጋሼ ነው የምላቸው። በደርግ ጊዜ ራሽያ ተልከው መካኒክነት ተማሩ። እዚያው ከአንዲት የአገሬው ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሲሆናት ትምህርቱ አለቀ፣ ወደ አገራችሁ ግቡ ተባሉ፣ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ምናምን ዓመት ወሬዋ ጠፋ። በመጨረሻ ራሷ ልጅቱ ናት አድጋ፣ ተምራ፣ በኢንተርኔት አፈላልጋ ያገኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ትደውላለች። ኔትወርክ በእኛ ሠፈር የሚይዘው አንድ ቦታ ነው፣ ከመፈልፈያው ጓሮ ያለው የገለባ ክምር ላይ። የስንት ዓመት የሩዝ ገለባ ነው፣ ከቤቱ ጣራ ይበልጣል። ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እየጎተትኩ የማወጣቸው እኔ ነኝ። ስልኩንም የምይዝላቸው እኔ ነኝ። የሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የኔ እጅ አለት ነው።

ዓይኗ ቁርጥ የጋሼ ነው። አማርኛ አንዲት ቃል ነበር ያስተማሯት። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «አለሁ» ትላለች። ሌላውን ሁሉ በራሽያኛ ነው የሚያወሩ። እኔም አንድ ቀን ስልኩን ወደ ራሴ አዙሬ ሁለተኛ ቃል ላስተምራት ብዬ «ቆንጆ ልጅ ነህ በዪኝ» ብላት፣ ጋሼ በክርናቸው ጎኔን አሉኝ። ሁለት ቀን አመመኝ።

ሥራዋ የቱቦ መሐንዲስ ነው። እዚያ አገር ብርዱ ሰው ስለሚገድል የፈላ ውሃ በቱቦ በየቤቱ ይሄዳል። እኔ አልገባኝ ሲል ጋሼ «ወንዛዬን አስበው፤ ፍል ውሃው በየሰው ቤት ግድግዳ ሥር ሲያልፍ» አሉኝ። የከተማው ሹም ቱቦው ሁሉ በአዲስ ተቀየረ ብሎ ሪባን ቆረጠ። ልጅቱ አስቆፍራ ብታየው አሮጌው ነው፤ ቀለም ቀብተውታል። ገንዘቡን እነማን እንደበሉት ለመጠየቅ የሚደፍር የለም። በዚያው የበረዶ ወራት ቱቦው ፈነዳና በአንድ የጡረተኞች መኖሪያ አሮጊቶች እንደተኙ በብርድ ደርቀው ተገኙ።

«ቱቦው አዲስ ነበር ብለሽ ፈርሚ» አሏት። አልፈርምም አለች። ከሷ ጋር አልፈርምም ያለ አንድ ባልደረባዋ ነበር፤ ከመስኮት ወደቀ።

«ሰው እንዴት ከገዛ ቤቱ መስኮት ይወድቃል?» አልኳቸው ጋሼን።

«እዚያ አገር ሹም የጠላውን ሰው መስኮትም ይጠላዋል» አሉኝ።

የኔ ቤት መስኮት የላትም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ደስ አለኝ።

እኛስ አገር የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አለ። እኛም ዘንድ በወረቀት ላይ ተቆፍሮ ያለቀ ቦይ አለ። ችግሩ ጎርፉ ማንበብ አይችልም፤ በየዓመቱ ቦዩ የለም ብሎ በማሳችን ላይ ያልፋል። ግን የዛሬው ነገሬ የልጅቱ ነው።

ሐምሌ ላይ ስትደውል ፊቷ ልክ አልነበረም። በሹክሹክታ ነበር የምታወራ። ሲጨርሱ ጋሼ ገለባው ላይ ዝርግት ብለው ተቀመጡ። «ለጊዜው አልደውልም አለችኝ። የቱቦውን ፎቶ ደብቄዋለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር አለችኝ» አሉ። «ሊወስዷት ነው። ምን ላድርግ?»

አሁን የምነግራችሁ የራሴን ሐሳብ ነው። ሌላ ሰው የኔ ነበር ካላችሁ ውሸቱን ነው። «ሽማግሌ እንላክበት» አልኩ።

«በማን ላይ?»

«በሹሙ ነዋ። ሰው የገደለ እንኳ በሽማግሌ ይታረቅ የለም ወይ? እሷ ምን አደረገች፤ አልፈርምም ነው ያለች።»

«ራሽያ ሽማግሌ የለም እኮ» አሉኝ።

«ታዲያ ከዚህ ነዋ የምንልክለት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁብኝ ነበር። ያን ቀን አልሳቁም፤ ሰው ልጁ ስትያዝበት የኔን ምክር ይሰማል።

ሹሙ በሳምንት አንድ ቀን የሕዝብ አቤቱታ የሚሰማበት ስልክ ነበረው፤ ለስሙ። ቁጥሩን ከኢንተርኔት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፊደላቸው ባይገባኝም ቁጥር የትም አገር ያው ቁጥር ነው። ረቡዕ ቀን ደወልን፣ አንዲት ሴት አነሳች። ጋሼ ልጅቱን በስሟ ጠርተው «አባቷ ነኝ፤ ነገሩን ሁሉ ነግራኛለች፤ የአገሬ ሽማግሌዎች ሹሙን ይቅርታ ሊጠይቁላት ይፈልጋሉ» አሉ። ሴትዮዋ አልተቆጣች፣ አልሳቀች። ስትጽፍ ብቻ ይሰማል። «እሑድ ይደወልላችኋል» አለች። ጋሼ ቁጥራችንን ልስጥሽ ቢሏት «አለን» ብላ ዘጋችው።

ይቺን «አለን» ጋሼ ሲተረጉሙልኝ ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር ሄደ። ትል ነው ብዬ ሸሚዜን አወለቅሁ፤ ምንም የለም።

እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ክምሩ ላይ ወጣን። አንደኛው አባ ናቸው፣ የጋሼ የነፍስ አባት፤ መስቀላቸውን ይዘዋል። ሁለተኛው ደም አስታራቂው ሽማግሌ ናቸው። እኒህ ሰው በዚህ ሜዳ ስንቱን ባለደም አስታርቀዋል፤ ሰማኒያ ቢጠጉም ቁመታቸው አልጎበጠም። የጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ለልመና አንገት ላይ የሚደረገው ነው፤ ተበዳዩ «አውርድ፣ ይቅር ለእግዜር» እስኪል አይወርድም።

እሑድ ስለሆነ ማሽኑ አይሠራም። ከክምሩ ላይ ሆነህ ስታይ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዙ ላይ ተኝቷል። ሰማዩም ውሃውም አንድ ዓይነት አመድማ ነበር፤ የቱ ላይ እንዳለን አይታወቅም። እንቁራሪቶች እንኳ ዝም ብለዋል።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የልጅቱ ቁጥር ነው፣ ፎቶዋም ወጣ። ጋሼ «እሷ ናት» ብለው አለቀሱ። ከፈትኩት።

እሷ አይደለችም። አንድ ሰውዬ ነው፤ ሹሙ መሆኑ ነው። ልብሱ ንጹሕ፣ ፀጉሩ የተበጠረ፣ በፊቱ ሻይ ያለ። የሷን ስልክ በእጁ ይዞ እኛን ያየናል። አልቸኮለም። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ በራሽያኛ ማውራት ጀመረ፤ በዚያ መሐል አንዲት ቃል ለየሁ። «ወንዛዬ» አለ።

እንደገና እላችኋለሁ፣ «ወንዛዬ» አለ፤ እኛ እንደምንለው አድርጎ።

ጋሼ ተረጎሙት። «ወንዛዬ ሄደህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ፣ ነው የሚለኝ። ያዘለህ ልጅ እሱ ነው ወይ፣ ስለ መፈልፈያው የሚፎክረው፣ ነው የሚለኝ።»

ያ እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ለልጃቸው ያወሩትን ሁሉ ሲሰማ ኖሯል ማለት ነው። በሕይወቴ ዝናዬ ራሽያ እንዲደርስ ስመኝ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ስሜን ባላወጡልኝ አልኩ።

«ልጄ የት አለች?» አሉት ጋሼ።

«እያረፈች ነው።»

ደም አስታራቂው በዚህ መሐል ድንጋዩን አንገታቸው ላይ አድርገው ገለባው ላይ በግንባራቸው ተደፉ። አባ መስቀሉን ወደ ስልኩ አነሡ። «በሉት» አሉ አባ፣ «ልጅቱ በድላም ከሆነ ተበድላም ከሆነ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ተዋት በሉት። አውርድ ሲል ድንጋዩ ይወርዳል፤ ያ ነው ይቅርታው በሉት።»

ጋሼ ነገሩት። ሰውዬው ወደ ካሜራው ጠጋ ብሎ ድንጋዩን አየው። አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ይቆይ አለ።»

ሻዩን አነሣ። ጠጣ። አንድ ሽማግሌ፣ የአገር አባት፣ ዝናብ እያካፋባቸው ድንጋይ ተሸክመው ተደፍተው፣ እሱ ሻይ ይጠጣል። ስኳር ጨመረ፣ አማሰለ፤ የማንኪያው ድምፅ ኳ፣ ኳ እያለ ይሰማል። በዚያች ሰዓት አንዲት ወፍ እንኳ በሜዳው ላይ አላለፈችም። የሽማግሌው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልረዳቸው ጎንበስ ስል ሰውዬው በጣቱ አይሆንም አለኝ። ከዚያ ሁሉ አገር በጣቱ። እኔም ቀጥ አልኩ፤ ለምን ቀጥ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሻዩን ሲጨርስ «አውርዱት» አለ። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ጋሼ አጭር አድርገው ተረጎሙት፤ ማሳጠራቸውን ከድምፃቸው አውቄያለሁ። «ለማን እንደነገረች ጠይቀናት እንቢ ብላ ነበር፤ እናንተ ነገራችሁን፣ አመሰግናለሁ፣ ነው የሚለን።»

ማንም ወደ እኔ አላየም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ የሷ ቁጥር ደወለ፤ ያው ሰውዬ ነው። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ያው። «አስታርቃችሁን የለም ወይ፤ እንግዲህ ዘመድ ነን» ይላል። ጎርፉ የት ደረሰ፣ አባ ዛሬ ምን ሰበኩ፣ ሰዉ ስለ ሹሞቹ ምን ያወራል፣ እያለ ይጠይቃል። ጋሼ ይመልሳሉ። ባይመልሱ ልጃቸው ምን እንደምትሆን አያውቁም። ስለሷ ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው፣ «እያረፈች ነው»።

ነገሩ ወደ ሠፈሩ ተዛመተ። ሰው ጋሼን ገበያ ሲያይ ጨዋታውን ያቆማል። ሩዝ ልታስፈለፍል የመጣች ሴት «ስልኩ እዚህ አለ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ አለ ስላት ጆንያዋን አንሥታ ትሄዳለች። ቤት ውስጥ ስለ ጎረቤት በግ እንኳ በሹክሹክታ መነጋገር ተለመደ። እኔ ሚስት የለኝም እንጂ ብትኖረኝ በምልክት ነበር የምንግባባ። ማታ ስተኛ ስልኬን ድስት ውስጥ ከትቼ ክዳኑን እገጥማለሁ። የሚያስቀው ነገር፣ ሰውዬው አንድም ቀን አስፈራርቶን አያውቅም።

ጳጉሜ ላይ ደም አስታራቂው መፈልፈያው ድረስ መጡ። ደጅ ቆመው ጋሼን «ተሳስተናል» አሏቸው።

«በምን?»

«ሰው ሳይቆም ዕርቅ የለም። ስንቱን ሳስታርቅ ሁለቱን ዓይን ለዓይን ሳላቆም ጨርሼ አላውቅም። የልጅህን ድምፅ ሳልሰማ ድንጋይ አወረድኩ። እኔ ነኝ ያጠፋሁ።»

«እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ሐሳቡን ያመጣሁ» አልኩ። ይህን ስል በአፌ ሳይሆን በሆዴ ነበር፤ ግን ሰሙኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን ነኩኝ።

«እሑድ ድንጋዩ ይመለሳል» አሉ።

እሑድ ወጣን። ያን ቀን ዝናብ የለም፣ ነፋስም የለም፤ ጭጋጉ ከጣና ተነሥቶ ሜዳውን ሸፍኖት ክምራችን ብቻ ብቅ ብላለች። ስልኩ ጮኸ፣ ሰውዬው ወጣ። ደም አስታራቂው አንድ ቃል ሳይናገሩ ድንጋዩን አንገታቸው ላይ አደረጉና ቆሙ። አልተደፉም፤ ቆመው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«ንገረው» አሉ ጋሼን። «ዕርቁ አላለቀም በለው። ድምፅዋን ካልሰማሁ አላወርድም በለው። እሱ አውርድ ቢልም አላወርድም።»

ጋሼ ተረጎሙ። ሰውዬው ፈገግ አለ። ሻዩን አነሣ። ጠጣ፣ ጨረሰ። «አውርዱት» አለ።

አላወረዱም።

«አውርዱት» አለ ደግሞ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ማሽን ጥርሱ ሲሰበር የሚያሰማውን ሰማሁ።

በዚህ መሐል ከቅዳሴ የወጣው ሰው በመንገዱ ያልፍ ነበር። ድንጋይ ተሸክመው የቆሙትን ሽማግሌ በጭጋጉ ውስጥ ሲያይ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ከስልኩ ሲሸሹ የነበሩት ናቸው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ክምሩን ከበቡት። እኔም ስልኩን ቀስ አድርጌ ወደ ሰዉ አዞርኩት። ይህንን ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ነው። ያንን ሁሉ ነጭ የለበሰ ሰው፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ዝም ብሎ ሲያየው፣ ሰውዬው አየ።

ምን እንዳሰበ እንጃ። ፊቱ ከስልኩ ጠፋ፤ ባዶ ግድግዳ ብቻ ቀረ። በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ብዙ ቆየን። የሽማግሌው እግር ገለባው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ሰመጠ። ከዚያ እስከ ባት። አባ በልባቸው ይጸልያሉ።

የእግር ኮቴ መጣ። ግድግዳው ላይ ጥላ ወደቀ፤ ሰው ግን አይታይም። ጋሼ ስልኩን ከእጄ ነጠቁና፣ እጃቸው ያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም፣ በአማርኛ «ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አሉ።

ጥላው አልተንቀሳቀሰም።

«ልጄ፣ እንዴት ነሽ?»

«አለሁ» አለች።

ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የሻከረ፣ ግን እሷ ናት። ከበታች የቆሙት ሁሉ ሰሙ። ጋሼ አንድ ጊዜ ደግመው ጠየቋት፣ እሷም ደግማ መለሰች፤ ሁለተኛውን ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር አድርጋ አለችው። ደም አስታራቂው ድንጋዩን አወረዱ። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ ብቻ መጣ፣ አጭር፣ ጋሼን ተናገራቸውና ተዘጋ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልተረጎሙልንም። ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሜዳውን ያያሉ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይደውል፣ ቢደውሉለት አያነሣ። ጋሼ ግን እሑድ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ክምሩ ላይ ናቸው፣ እኔም የማወጣቸው እኔው ነኝ። ድንጋዩ እዚያው አናቱ ላይ ነው። ገለባው ዓመቱን ሙሉ ይንሸራተታል፣ ይሰምጣል፤ ድንጋዩ ግን አልሰመጠም። እኔ ነኝ ቀና የማደርገው እንዳትሉኝ፣ ነክቼው አላውቅም።

ድምፁ የተቀዳ ነው ያላችሁኝም አላችሁ። የተቀዳ ነገር ሁለተኛ ሲጠየቅ በሌላ ድምፅ ይመልሳል ወይ? እኔን አትመኑ፤ በሦስት አራተኛ ክፍል የሠለጠንኩ ፎካሪ ነኝ። ወረታ ኑና ያን እሑድ ከቅዳሴ ወጥቶ ክምሩ ሥር የቆመ ማንንም ሰው ጠይቁ። አባን ጠይቁ። ድንጋይ የተሸከሙትን ሽማግሌ ጠይቁ፣ አንገታቸው ላይ ምልክቱ አለ። ስልካችሁን ግን ይዛችሁ ኑ፤ ስትጠይቁም ክፈቱት። ያኔ ማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያወራ አያለሁ።